ለእንሰት የተደረጉ ንግግሮች

ጓሮዬ ውስጥ ከሠራኋቸው የኪራይ ክፍሎች በአንደኛው ሐያት የምትባል ተማሪ ትኖር ነበር። ማረቆ ውስጥ ያለችው የቆሼ ከተማ ልጅ ናት። ጠዋት በሚኒባስ ወደ ጉብሬ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ትሄዳለች፤ ማታ ወልቂጤ ትመለሳለች። ቤተሰቦቿን ጠይቃ በመጣች ቁጥር የማረቆ በርበሬ በፌስታል ቋጥራ ታመጣልኛለች፤ እኔም እያስነጠሰኝ እመርቃታለሁ። ከዚህ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። አንድ ማለዳ ግን መፋቂያዬን ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ ከክፍሏ ድምፅ ሰማሁ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው። ትጀምራለች፣ ዝም ትላለች፣ እንደገና ከሥሩ ትጀምራለች። እንግዳ የመጣባት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብቻዋን ናት። የምትለው ብዙም አይገባኝም፤ ነገር ግን ጥቂት እንደሄደች መሮጥ እንደምትጀምር፣ ቃል በቃል ላይ እንደሚነባበርባት፣ ከዚያም ትንፋሽ እንደሚያጥራት ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። መፋቂያዬን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቆምኩ። ቀኝ እጄ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ሳላዘው ተነሣ። ያ ምልክት የእኔ አይደለም፤ የብርቄ ነው። ብርቄ ባለቤቴ ነበረች። ከሞተች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተው ነበር፤ እጇን በእኔ እጅ ላይ ሳየው እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ይህ ግቢ የአጎቴ ነበር። በልጅነቴ ከገጠር አምጥቶ ልብስ ስፌት ያስተማረኝ እሱ ነው። ሱቃችን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንድ ሻይ ቤት አጠገብ ነበር። ሻይ ቤቱ ትልቅ ቴፕ ነበረው፤ ካሴቱ ሲያረጅ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር፤ ያም ሆኖ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል። በስሙኒ ሻይና ቦምቦሊኖ ይገኛል፤ ቦምቦሊኖውም ቢሆን የዛሬውን ሁለቱን ያክላል። ያኔ የወጣት ሁሉ ምኞት ከታች እንደ ቃጭል የተነፋ ቤል ቦተም ሱሪ ነበር። ቴትሮን ጨርቅ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣራ ተጭኖ ይመጣል፤ አረንጓዴው ቶሎ ያልቃል፣ ቡኒው ይከርማል። ጎፈሬውን ያበጠረ ሁሉ እኛ በር ላይ ቆሞ "ከታች ትንሽ ጨምርልኝ" ይላል። አጎቴም መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "መንገድ ልትጠርግበት ነው?" ይለዋል፤ ግን ይጨምርለታል። ዛሬ ያ ሻይ ቤት የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ የኛም ሱቅ ቦታ ፎቅ በቅሎበታል። ባጃጆች እየጮኹ በዚያ ሲያልፉ አንዳንዴ ያ ጉንፋናም ዘፋኝ ይሰማኛል፤ ዞር ስል የለም።

እኔ ያን ጊዜ ሰው ፊት መናገር የማልችል ልጅ ነበርኩ። ከደንበኛ ጋር ወገብና ትከሻ እየለካሁ መቀለድ ይሆንልኛል፤ ከሦስት ሰው በላይ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ግን ቃል ሁሉ ይጠፋብኛል። አማርኛዬም ቢሆን ከገበያ የተለቀመ ነበር። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በጉራጊኛ ነው፤ የእድሩ ስብሰባ ደግሞ ሰዉ ከየአቅጣጫው የመጣ ስለሆነ በአማርኛ ነበር። የአጎቴ ሚስት የሞተች ጊዜ እድርተኛው አብሮን ሰነበተ። በኋላ አጎቴ ወገቡን ታሞ ተኛና እድሩ በተሰበሰበ ቀን እኔን ላከኝ። የታዘዝኩት ነገር ቀላል ነው፤ ቆሜ በአጎቴ ስም ማመስገን። ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። የዝምታው ብዛት አስፈራኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም፣ ዘጋሁት፣ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ አዝነውልኝ "አምላክ ያጽናችሁ" ብለው ነገሩን አለፉት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሷል። አጎቴ ከተኛበት ሆኖ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ምላስህን መርፌ ወጋው?" አለኝ።

"ጠፋብኝ" አልኩት።

"ምኑ ነው የሚጠፋው? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው የምትለው።"

ከተናደደ በኋላ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የመጀመሪያውን ሱሪ አበላሽተህብኝ የለ? አንድ እግሩ ረጅም፣ አንድ እግሩ አጭር አድርገህ። አባረርኩህ? አላባረርኩህም። ነገ ተነሥተህ ሌላ ሰፋህ፣ ከነገ ወዲያም ሰፋህ። አሁንም ሂድና ብቻህን ሆነህ በለው። አፍህ እስኪለምደው በየቀኑ በለው።"

ብቻዬን የምሆንበት ቦታ ከጓሯችን በቀር አልነበረም። ያን ጊዜ ከኩሽናው በር እስከ ኋላ አጥሩ ድረስ እንሰት ነበር። የገባሁት አጥሩ ዘንድ ካሉት ከትልልቆቹ መሃል ነው፤ እዚያ ጎረቤትም አያየኝም። በየማለዳው ሱቅ ሳንከፍት ገብቼ እቆማለሁ። "የተከበራችሁ እድርተኞች" እላለሁ። ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል። በመጀመሪያው ሰሞን በራሴ ድምፅ እየደነገጥኩ በንግግሬ እሮጥ ነበር። በኋላ ድምፄን ለመድኩት። ክረምት አለፈ፣ መስከረም ጠባ፤ እኔ ዝናብም ቢሆን ማዳበሪያ ከረጢት ራሴ ላይ ደፍቼ እናገራለሁ። እንሰቱ የማይታክተው አድማጭ ነበር፤ አያዛጋም፣ አያንሾካሹክም፣ ተነሥቶ አይሄድም። አጎቴ ከመኝታው ሆኖ ይሰማኝ እንደነበር ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው።

ለመስቀል ወደ ገጠር፣ ወደ ትውልድ መንደሬ ወጣሁ፤ የአዲስ አበባ ልጆችም ሲመጡ የአገሩ ሰው በጀፎረው ላይ ተሰበሰበ። ጀፎረ ማለት በየቤቱ ደጃፍ የተዘረጋው ሰፊው የሣር መንገድ ነው፤ ለቅሶም ሸንጎም ጨዋታም እዚያው ነው። መንገድ ስለመጠገን ይነጋገሩ ስለነበር ከከተማ ሠራተኞች አንድ ሰው ይናገር ተባለ። ማንም ሳይጠራኝ ተነሣሁ። አፌ ተከፈተ፤ ቃሉም በየተራው ወጣ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጥቂት እንደሄድኩ ግን የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን አዙረው ወደ ላይ ማየት ጀመሩ። ቀጥሎ ያሉትም ዞሩ። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ። "ጭልፊት ነው እንዴ?" ያለ ሰውም ነበር። እኔም ግራ ገብቶኝ ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለም። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንዲት ልጅ ብቻ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቅ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ያቺው ልጅ ቀሚስ ልታሳጥር ሱቃችን መጣች። ቀሚሱ የእናቷ ነበር፤ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት። ዘርፉን በመርፌ ቁልፍ እየያዝኩ ሳለ ከላይ ሆና ተናገረች።

"አንተ ነህ አይደል ሰማይ ሰማይ የምታየው?"

"መቼ አየሁ?"

"እኔማ ዝናብ መጣ ብዬ እናቴን ላስነሣት ነበር። እዚያ ላይ ማን ነው ያለው?"

እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። "እንሰት" አልኳት።

ነገሩን ጎትታ አወጣችው። የት እንደምቆም፣ ለማን እንደምናገር፣ በየስንት ጊዜው እንደማደርገው ሁሉ ነገርኳት። እስቃለሁ አላለችም፤ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ጠርጋ፣ "ከራስህ በላይ ለሆነ ነገር ስታወራ ከርመህ እኮ ነው ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥ ዓይንህ ሽቅብ የሚቀረው። ለአጫጭሮቹ አታወራም? ችግኝ የላችሁም?" አለችኝ። ያን ቀን የቀሚሱን ዘርፍ ጠማማ አድርጌ ሰፋሁት፤ ለማስተካከል እንደገና መጣች። ብርቄ እሷ ናት።

ስንጋባ አጎቴ አልነበረም፤ ግቢው ለእኛ ሆነ። በአገራችን እንሰት መትከል የወንድ ሥራ ነው። እኔ ግን እጄ ከመርፌ አይወጣም፤ ብርቄ ራሷ ዶማውን አነሣች። ጎረቤቱ "የደምሴ ሚስት ሱሪ ታጠቀች" ብሎ ሲያሾፍ "ሱሪማ ሞልቶናል፣ ሰፊው እቤት አለ" ትለው ነበር። ችግኞቹን ኩሽናው በር ላይ በረድፍ ተከለቻቸው። ሲያድጉ ነቅላ ወደ ኋላ ትወስዳቸዋለች፤ በቦታቸው ሌላ ትተክላለች። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ሁልጊዜ ትንንሾቹ ነበሩ፤ ከተቀመጠ ሰው ቁመት አይበልጡም። "ስብሰባህ ተሟልቷል፣ ና" ትለኛለች። እሷ በርጩማዋን ይዛ ከመሃላቸው ትቀመጣለች፤ ሽንኩርትም ትልጣለች፣ ጥጥም ትፈትላለች። ስሮጥ እጇን መዳፉን ወደ መሬት አድርጋ ታነሣለች። ድምፄ ሲወድቅ ታስላለች። ዓይኔ ሲንሳፈፍ "ወረድ" ትላለች። አሪፍ ነው ብላኝ አታውቅም። ጥሩ የሆነ ቀን ዝም ብላ ሽንኩርቷን ይዛ ትገባለች፤ ያኔ እንዳለፍኩ አውቃለሁ።

ሰዎች ደምሴ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ተወለደ ይላሉ፤ ይበሉ። ለአንድ ቀን ንግግር ስንት ጠዋት እንደሚሄድበት የሚያውቁት ያ ጓሮና ያቺ ሴት ናቸው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ሳምንት ሙሉ የምልበት ጊዜ ነበር። በኋላማ የእድሩ ተናጋሪ እኔ ሆንኩ። ሠርግ ላይ እመርቃለሁ፤ ለቅሶ ላይ የሟቹን የሕይወት ታሪክ እናገራለሁ። ቡታጅራ ድረስ እየጠሩ ይወስዱኝ ነበር። የትም ብሄድ ብርቄ ከሴቶቹ ወገን፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ትቀመጣለች። ስቆም መጀመሪያ የማየው ወደዚያ ነው። ከነጠላዋ ሥር እጇ ብቅ ስትል ቀስ እላለሁ። ሰዉ ደምሴ እንዴት ተረጋግቶ ይናገራል ይላል፤ እጇን ያየ አልነበረም።

እሷ የሞተች ዕለት ሐጂ ኸይሩ መጣ። ሐጂ ሸቀጥ ከሚነግድበት ጊዜ ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ፣ ዛሬ የእድራችን ዳኛ ነው። አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ "ደምሴ፣ አንተ ትናገርላታለህ ወይስ ሰው ልፈልግ?" አለኝ። አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። የአገሩን ሬሳ ሁሉ በቃሌ የሸኘሁ ሰውዬ ለእሷ አንዲት ቃል አጣሁ። ሌላ ሰው የሕይወት ታሪኳን አነበበ። መልካም አነበበ፤ ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ባለሙያ አለ። እውነት ነው፤ ግን ስለ ማንም ሴት የሚባል ነው። ስለ በርጩማዋ፣ ስለ እጇ ማን ያውቃል? ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። ይህ ነገር ከሞቷ እኩል ሲያቃጥለኝ ከረመ።

ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው። ከአርባው በኋላ "ብቻህን ከምትሆን ተከራይ ይግባበት፣ የሰው ድምፅ ትሰማለህ" አሉኝ። ለእኔው አስበው ነው። ክፍሎቹ የተሠሩት ኩሽናው በር ላይ ነው፤ ከኋላ አጥሩ ሥር ያሉት እንሰቶች ብቻ ቀሩ። ልጆቼ እውነታቸውን ነው፤ የሰው ድምፅ እሰማለሁ። በር ሲዘጋ እሰማለሁ፣ ስልክ ሲጮህ እሰማለሁ፣ ባልዲ ሲሞላ እሰማለሁ። ለእኔ የሚናገር ግን የለም። አንዳንድ ቀን እስከ ማታ ከአፌ የወጣው ቃል የዳቦ ቤቷን ልጅ "ሁለት ስጪኝ" ማለት ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ።

እንግዲህ ሐያትን የሰማኋት በዚህ መሃል ነው። በማግስቱ በሯ ላይ ስታገኘኝ አፈረች።

"አባባ፣ ረበሽኩዎት አይደል? ፕረዘንቴሽን አለብኝ። ሰው ፊት ስቆም ብላንክ እሆናለሁ፣ ሁሉም ነገር ነው የሚጠፋብኝ።"

"አልረበሽሽኝም፣ ልጄ። ግን ትሮጫለሽ። ማን ነው የሚያባርርሽ?"

ሳቀችና ለማን እንደምትናገር አሳየችኝ። ስልኳን መጽሐፍ ላይ አስደግፋ ራሷን ትቀርጻለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ እሷ ትቆማለች፣ እኔ እቀመጣለሁ። ስለ በርበሬ በሽታ ነው የምትናገረው፤ የገባኝ ይኸው ብቻ ነው። ስትሮጥ እጄን አነሣለሁ። በመጀመሪያ ግራ ተጋባች፤ በኋላ ለመደችው። አንድ ጠዋት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጄን ሳላነሣ ጨረሰች። ቀኑ ደርሶ አቅርባ ስትመለስ ከውጭው በር ጀምራ "አባባ፣ አለፍኩ" እያለች ገባች። እንደዚያ ቀን ቤቱ ቤት የመሰለኝ ጊዜ ከብርቄ ወዲህ አልነበረም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሐጂን ጠርቼ "በዚህኛው እኔ እናገራለሁ" አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "አልሐምዱሊላህ፣ ሰውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው" አለኝ። ከዚህ በኋላ ለእሷ ሰው የሚሰበሰብበት ሌላ ቀን እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ሐያትን እንድትሰማኝ ለመንኳት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ በትሕትና ቁጭ ብላ ሰማችኝ፤ ነገር ግን ያልኩትን ሁሉ "በጣም አሪፍ ነው አባባ" ትላለች። ድምፄ ሲወድቅም አሪፍ ነው፣ ስሮጥም አሪፍ ነው። እንደ አባቷ የምታየውን ሰውዬ እንዴት እጇን አንሥታ ታስቁመው? ብዙም ሳይቆይ ትምህርቷን ጨረሰችና ዕቃዋን በባጃጅ ጭና ሄደች። ከመሄዷ በፊት በስልኬ ድምፅ መቅዳት አስተማረችኝ። ቀድቼ ሰማሁት። የማላውቀው ሽማግሌ ያወራል። ስልኩ ያልኩትን ሁሉ መልሶ ይነግረኛል እንጂ እጁን አያነሣም።

ስለዚህ ወደ ጥንቱ ተመለስኩ። በየማለዳው ከክፍሎቹ ጀርባ፣ በጠባቡ መተላለፊያ አልፌ አጥሩ ሥር ካሉት እንሰቶች ፊት ቆምኩ። "ብርቄ የምትባል ሴት ነበረች" እላለሁ። ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል። ድምፄ ቢሰበርም ከሥሩ እጀምራለሁ። እንዲህ ሳምንታት ሄድኩበት፤ አፌ ለመደው። ሳላለቅስ መጨረስ ቻልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ድንኳኑ ከአውራ መንገዱ ዳር ተተከለ፤ ልጆቼ ከአዲስ አበባ መጡ፤ የሙስሊሞቹን ምግብ የሐጂ ቤተሰቦች ለብቻ አዘጋጁ። ሰው ከበላና ካህናቱ ከጨረሱ በኋላ ሐጂ ተነሥቶ "ደምሴ ይናገራል" አለ። ቆምኩ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ ምሰሶው ሥር ሄደ። አንዲት የማላውቃት ሴት ልጇን ታጠባለች። ዓይኔን ከዚያ አነሣሁና ጀመርኩ።

"ብርቄ የምትባል ሴት ነበረች" አልኩ። "በዚህ አገር ሠርጋችሁ ላይም ለቅሷችሁ ላይም ከእኔ አፍ የሰማችሁትን ሁሉ መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። ሽንኩርት እየላጠች ነው የሰማችው። እናንተ ያደነቃችሁኝ ነገር እሷ እጇን አንሥታ ያቆመችኝ ነገር ነው።" ስለ ዶማዋ ተናገርኩ። ስለ በርጩማዋ ተናገርኩ። ድምፄ አልወደቀም፣ አልሮጥኩም፣ ቃሉ በየተራው ይመጣል። ይኸው ቻልኩት ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን አዙሮ ወደ ላይ አየ። አጠገቡ ያለውም አየ። ቀጥሎ ሌላው። ሐጂ ኸይሩ ድንኳኑ ያፈሰሰ መስሎት መዳፉን ዘርግቶ ጣራውን ይመለከት ጀመር። ልጆቼም ዞረው አዩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሳምንታት ሙሉ የተናገርኩት ከራሴ በላይ ለሆኑት ነው። ትንንሾቹን የሚተክልልኝ አልነበረም።

ንግግሬን አቋረጥኩ። ዓይኔን አወረድኩና በተቀመጡት ሰዎች መሃል፣ በሴቶቹ ወገን፣ በነጠላዎቹ ላይ አዘዋወርኩት። ሰዉ ለቅሶ ያቋረጠኝ መስሎት አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ጆሮዬን አቁሜ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። ብዙ ጠበቅሁ። የሚስቅ ሰው አልነበረም።